ፊልሙ የማን ነው? የነጻ ፊልም ሠሪ ኑሮ ከኃይሌ ገሪማ መንገድ ሲታይ

እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ» የተባለ ፊልም በበርሊን ፊልም ፌስቲቫል ዋናው ውድድር ላይ ቀረበ። ጸሐፊውና ዳይሬክተሩ የጎንደሩ ተወላጅ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። በርሊን በዓለም ላይ ካሉት ጥቂት ትልልቅ የፊልም መድረኮች አንዱ ነው። እዚያ የተወዳደረ ፊልም ገዢ ያጣል ብሎ የሚጠብቅ የለም። አሜሪካ ውስጥ ግን ፊልሙን ወስዶ በየሲኒማ ቤቱ ላሳይ የሚል አከፋፋይ ጠፋ።

ፊልሙ ስለ ባርነት ነው። አንዲት የዘመኑ ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል ጋና ውስጥ ባለ የባሪያ ንግድ ምሽግ ፎቶ ስትነሳ እናያታለን። ትንሽ ቆይቶ ዘመን ወደ ኋላ ይጎትታትና ራሷን በአንድ ሰፊ እርሻ ላይ ባሪያ ሆና ታገኘዋለች። ታሪኩ የሚነገረው በባለ እርሻው ዓይን ሳይሆን በተገዙት ሰዎች ዓይን ነው። እነሱም ተቀምጠው አያለቅሱም፤ ያምፃሉ።

አከፋፋይ ሲጠፋ ኃይሌና ባለቤታቸው ሽሪኪያና አይና ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራዩ። ሽሪኪያና ራሳቸው ፊልም ሠሪ ናቸው፤ የ«ሳንኮፋ» ፕሮዲውሰርም ነበሩ። ፊልሙን ራሳቸው አስተዋወቁ፣ ትኬቱንም ራሳቸው ሸጡ። ሰው ጎረፈ። ፊልሙ ለሳምንታት ከታየ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፣ ከዚያም ወደ ሌላ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ጀብዱ ነው የሚወራው። ጀብዱም ነው። እኔ ግን ዛሬ ከሒሳቡ በኩል ላሳያችሁ ነው የፈለግሁት። ስለ ማኅበራዊ ችግር በራሱ መንገድ ፊልም የሚሠራ ሰው በምን ይኖራል? ገንዘቡን ከየት ያመጣል? ፊልሙ ካለቀ በኋላ የማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ከሃምሳ ዓመት በላይ በአንድ መስመር ላይ ከቆየ ሰው ሥራ ተነስተን ብናያቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል።

«ነጻ» ሲባል ከማን?

ብዙ ሰው ነጻ ፊልም ማለት በትንሽ ብር የተሠራ ፊልም ይመስለዋል። የብሩ ማነስ አብሮ የሚመጣ ነገር ነው እንጂ መለያው አይደለም። በትልቁ የስቱዲዮ አሠራር ገንዘቡን የሚያወጣው ኩባንያው ነው። ስለዚህ ፊልሙም የኩባንያው ነው። ዳይሬክተሩ ይቀጠራል፣ ይከፈለዋል፣ ይሄዳል። ኩባንያው መጨረሻውን አልወደደውም እንበል። መጨረሻው ይቀየራል።

ነጻ ፊልም ሠሪ ሁለት ነገሮችን በእጁ ለማቆየት የሚታገል ሰው ነው። አንደኛው የመጨረሻውን ኤዲቲንግ የመወሰን ሥልጣን ነው። የትኛው ትዕይንት ይቅር፣ የትኛው ይውጣ የሚለውን እሱ ይወስናል። ሁለተኛው የቅጂ መብቱ ነው። ፊልሙን ማን፣ የት፣ ለስንት ጊዜ እንደሚያሳየው የመፍቀድ መብት ማለት ነው። ስለ መጀመሪያው ሁሉም ያወራል። ስለ ሁለተኛው የሚያወራ ጥቂት ነው። የኑሮው ነገር የሚወሰነው ግን እዚያ ላይ ነው።

ጅምሩ

ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ቴአትር ጸሐፊ ነበሩ፤ ልጅየውም በአባቱ ቴአትሮች ውስጥ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ትወና ለመማር ቺካጎ ሄዱ። ከዚያ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማሩ።

እዚያ ብቻቸውን አልነበሩም። ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽና ሌሎችም በዚያው ዘመን እዚያው ተምረዋል። ከጊዜ በኋላ ይህ የተማሪዎች ስብስብ «የሎስ አንጀለስ አመፅ» የሚል ስም ወጣለት። ከሆሊውድ አፍንጫ ሥር ሆነው ሆሊውድ የማያሳየውን የጥቁር ሰው ኑሮ ይቀርጹ ነበር።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የእነዚህ ልጆች የመጀመሪያ ፕሮዲውሰር ትምህርት ቤታቸው ነው። ካሜራው የዩኒቨርሲቲው ነው፤ የኤዲቲንግ ክፍሉም እንደዚያው። ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም፤ ዛሬ አንተ ለእኔ ካሜራ ትይዛለህ፣ ነገ እኔ ለአንተ። የኃይሌን «ቡሽ ማማ» ከቀረጹት ሁለት ሰዎች አንዱ ቻርልስ በርኔት ነው። ኋላ እሱ ራሱ ስመ ጥር ዳይሬክተር ሆኗል።

የ«ቡሽ ማማ» አከፋፈት ሁሌም ይገርመኛል። ፊልሙ በሎስ አንጀለሱ የዋትስ ሰፈር በመንግሥት ድጎማ ስለምትኖር፣ ባሏ እስር ቤት ስላለ አንዲት ጥቁር እናት ነው። ቀረጻው እየተካሄደ ሳለ ፖሊስ የፊልሙን ሠራተኞች መንገድ ላይ አስቆመ። ካሜራ የያዙ ጥቁር ወጣቶች ናቸው፤ ሌላ ምክንያት አላስፈለገም። ያዟቸው፣ ፈተሿቸው። ካሜራው ግን አልቆመም ነበር። ያ እውነተኛ ፍተሻ የፊልሙ መክፈቻ ሆነ። በስቱዲዮ ፊልም ውስጥ ቢሆን ኖሮ የሕግ ክፍሉ፣ የኢንሹራንስ ክፍሉ፣ የማስታወቂያ ክፍሉ እየተቀባበሉ ያወጡት ነበር። እዚህ የሚጠየቅ ሰው የለም። የመጨረሻው ኤዲቲንግ በእጅ ሲሆን እንዲህ ነው።

በዚያው ጊዜ አካባቢ ሌላ ሥራ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 ኢትዮጵያ ስትናጥ ኃይሌ ካሜራ ይዘው ወደ አገር ቤት መጡ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በአማርኛ፣ በአብዛኛው ተዋናይ ካልሆኑ ሰዎች ጋር፣ እጅግ በአጭር ጊዜ ውስጥ ቀረጹ። ፊልሙ ለባለርስት የሚገብር አንድ ጭሰኛ ቤተሰብን ይከተላል። ሁለት ሰዓት ተኩል ይረዝማል። ካሜራው አይቸኩልም። ገበሬው ሲያርስ፣ ልጆቹ ከብት ሲነዱ፣ ቀኑ በድካም ሲገፋ ዝም ብሎ ያያል። እብድ የሚባለው ሰውዬ ደግሞ ሌላው የማይደፍረውን ይናገራል።

አሁን ቀኑን ልብ በሉ። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ፊልሙ የተቀረጸው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ጭሰኛና ባለርስት ገና በሕግ ጭሰኛና ባለርስት ሆነው ሳለ ማለት ነው። ለማመልከቻ መልስ፣ ለበጀት ፈቃድ፣ ለስክሪፕት አስተያየት አንድ ዓመት ብቻ ቢጠብቁ ኖሮ ያ ሥርዓት በሥርዓትነቱ አይገኝም ነበር። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ስለ ትናንት ነው። እኔ ለነጻ ፊልም አስፈላጊነት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ማኅበራዊ ጉዳይ የራሱ ሰዓት አለው። ገንዘብ ሰጪም የራሱ ሰዓት አለው። ሁለቱ እምብዛም አይገጣጠሙም።

ታዲያ በምን ይኖራል?

በደመወዝ።

ኃይሌ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አስተምረዋል። ለአሥርት ዓመታት። ሌላዋ ኢትዮጵያዊት የዘጋቢ ፊልም ባለሙያ ሳሌም መኩሪያም በዌልስሊ ኮሌጅ አስተምረዋል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። አንድ ፊልም ከሐሳቡ እስከ ተመልካቹ ዓመታት ይፈጃል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ፊልሙ አንድ ሳንቲም አያስገባም፤ ይልቁን ይበላል። የቤት ኪራይ ግን በየወሩ ይመጣል።

አንዳንድ ወጣት ባለሙያዎች ሌላ ሥራ መያዝን እንደ ሽንፈት ያዩታል። «ሙሉ ጊዜዬን ለፊልም» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የማስተማር ደመወዝ «ይህችን ትዕይንት ቁረጣት» ብሎ የማያውቅ ብቸኛው ገንዘብ ሰጪ ነው። ደመወዝ ያለው ሰው መጥፎ ውል ሲመጣበት አይሆንም ማለት ይችላል። የሚበላው የሌለው ሰው ግን ይፈርማል።

ዋጋው ጊዜ ነው። ይህን መደበቅ አይገባም። ከ«ሳንኮፋ» እስከ ቀጣዩ የልብ ወለድ ፊልማቸው «ጤዛ» ድረስ 15 ዓመት አለፈ። በመሀል ዘጋቢ ፊልሞች ሠርተዋል፤ ስለ ዓድዋ ድል የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው አንዱ ነው። ግን 15 ዓመት 15 ዓመት ነው። በስቱዲዮ ሥር ያለ ዳይሬክተር በዚህ ጊዜ ስንት ፊልም ይሠራ ነበር? «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ቡርኪና ፋሶ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የተባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ሽልማቱ የጠፉትን ዓመታት ይመልሳል ወይ ብትሉኝ፣ አይመልስም።

የገንዘቡ ጥፍጥፍ

ደመወዝ ቤት ያኖራል እንጂ ፊልም አይሠራም። የፊልሙ ገንዘብ የሚሰበሰበው ከየቦታው ነው። «ሳንኮፋ» የጋና፣ የቡርኪና ፋሶ፣ የጀርመን፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ የጋራ ሥራ ነው። አምስት አገር ማለት አምስት ዓይነት ውል፣ አምስት ዓይነት ሕግና አምስት ዓይነት የክፍያ ቀን ማለት ነው።

ከእነዚህ መንገዶች አንዱን ላብራራው፤ ብዙ ሰው ያምታታዋልና። የቴሌቪዥን ጣቢያ ፊልም ገና ሳይሠራ «ቀድሞ ይገዛል» ይባላል። የአውሮፓ ጣቢያዎች ለነጻ ፊልሞች ይህን ብዙ ጊዜ አድርገዋል። ጣቢያው ገንዘቡን በቅድሚያ ይሰጣል። በምላሹ ፊልሙን በራሱ አገር፣ ለተወሰኑ ዓመታት፣ ለተወሰነ ዙር የማሳየት መብት ያገኛል። ፊልሙን ገዛው ማለት አይደለም። የማሳያ ፈቃድ ነው የገዛው። በሌላው ዓለም ያለው መብት ከሠሪው ጋር ይቀራል። ውሉ በደንብ ከተጻፈ ማለቴ ነው።

የእርዳታ ድርጅት ገንዘብ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ ስለ ስደት፣ ስለ ኤችአይቪ ፊልም መሥራት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው በር ይኸው ነው። ገንዘቡ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ሰዎቹም ቅን። ችግሩ ሪፖርት የሚባለው ነገር ነው። ድርጅቱ ስንት ሰው አየው፣ ምን መልእክት ተላለፈ፣ ምን የባሕርይ ለውጥ መጣ ብሎ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ገጸ ባሕርይዋ መጨረሻ ላይ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርባታል። ሽማግሌው መጸጸት ይኖርበታል። ተመልካች ይህን ወዲያው ይለየዋል። «የድርጅት ፊልም ነው» ብሎ ይተወዋል። በደንብ የተሠራ ፊልም ሰው አምኖ የሚያየው ማንም መጨረሻውን ቀድሞ ስላልወሰነለት ነው። ከእንዲህ ያለ ምንጭ ገንዘብ ስትቀበሉ ስለ መጨረሻው ኤዲቲንግ ውሳኔ ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ተነጋገሩ።

የትኬቱ ሒሳብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አከፋፋይ ምን ያደርጋል? ለምንስ ተከራይቶ ማሳየት ያን ያህል ለውጥ አመጣ?

ለምሳሌ ያህል አንድ ፊልም በትኬት 100 ዶላር አስገባ እንበል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል ናቸው፤ እውነተኛው ድርሻ በየውሉ ይለያያል። ሲኒማ ቤቱ 50 ይወስዳል። የቀረው 50 ወደ አከፋፋዩ ይሄዳል። አከፋፋዩ ከዚያ ላይ 30 በመቶ ኮሚሽን ይቆርጣል፤ 15 ሄደ። 35 ቀረ። ከዚህ ላይ ደግሞ አከፋፋዩ ያወጣውን ወጪ ይመልሳል። ፖስተር፣ ማስታወቂያ፣ ኮፒ ማሳተሚያ፣ ጉዞ። ይህ 30 ይሆናል እንበል። ለሠሪው የሚደርሰው 5 ዶላር ነው። ከዚያች 5 ዶላር ላይ ደግሞ የሽያጭ ወኪል ካለ እሱም ድርሻ አለው።

በዚህ ውስጥ ማንም አልሰረቀም። ሁሉም በውሉ መሠረት ነው የወሰደው። ትልቁ ፊልም ይህን ይችለዋል፤ 100 ሚሊዮን ካስገባ ትራፊውም ብዙ ነው። ስለ ማኅበራዊ ጉዳይ የተሠራ ትንሽ ፊልም ግን ብዙ ጊዜ ከወጪ መመለሻው አያልፍም። ሠሪው ፊልሙ ታየ ሲባል ይሰማል፣ ብር ግን አያይም።

ተከራይቶ ማሳየት ይህን ሰንሰለት ይበጥሰዋል። ለሲኒማ ቤቱ የተቆረጠ ኪራይ ትከፍላላችሁ። ከዚያ በኋላ የሚሸጠው ትኬት ሁሉ የእናንተ ነው። ኪራዩ 1,000 ዶላር፣ ትኬቱ 10 ዶላር ቢሆን መቶኛው ሰው ሲገባ ኪራዩ ተመለሰ። መቶ አንደኛው ሰው ሲገባ አሥሩም ዶላር የእናንተ ነው። አዳራሹ ባዶ ከሆነ ግን ኪሳራውም የእናንተ ብቻ ነው። የሚካፈላችሁ የለም።

ስለዚህ ጥያቄው አንድ ይሆናል። አዳራሹን ማን ይሞላዋል?

እዚህ ላይ ነው የማኅበራዊ ጉዳይ ፊልም ከሌላው የሚሻልበት። የፍቅር ኮሜዲ ተመልካቹ ማንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንምን ለመድረስ በየቦታው ማስታወቂያ መለጠፍ አለበት፤ ያ ደግሞ ብዙ ብር ነው። «ሳንኮፋ» ግን ተመልካቹ ማን እንደሆነ ይታወቃል። የአያቶቹ ታሪክ ነው የተነገረው። ያ ተመልካች ቤተ ክርስቲያን አለው፣ ማኅበር አለው፣ ራዲዮ ጣቢያ አለው፣ ትምህርት ቤት አለው። በየከተማው የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ተደራጅተው ፊልሙን ተቀበሉት። አንዱ ያየ ሌላውን ይዞ ይመጣል። ሲኒማ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ የለም። በዚያ ዘመን ደግሞ እያንዳንዱ የ35 ሚሊ ሜትር ኮፒ ውድ ነበር። በአንድ ጊዜ በሺህ ሲኒማ ቤት መክፈት አይታሰብም። ከከተማ ወደ ከተማ መሄዱ አቅም የወሰነው ነገር ነበር፤ ግን ወሬው ፊልሙን ቀድሞ እንዲደርስ ጊዜ ሰጠው።

ቤት የሠራ ፊልም

ኃይሌ ማከፋፈልን የጀመሩት በ«ሳንኮፋ» ጊዜ አልነበረም። «ምፍዱህ ፊልምስ» የተባለውን የማከፋፈያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 አቋቁመው ነበር። የራሳቸውንም የሌሎች ጥቁር ፊልም ሠሪዎችንም ሥራ ያከፋፍላል። በ1993 ሲኒማ ቤት ሲከራዩ ከአሥር ዓመት በላይ ልምድ ነበራቸው ማለት ነው። ይህን የምለው «አከፋፋይ እምቢ ካለኝ እኔም ሄጄ አዳራሽ እከራያለሁ» የሚል ወጣት አዳራሽ መከራየቱን ብቻ አይቶ ከዚያ በፊት የነበረውን የዓመታት ልምድ እንዳይረሳ ነው።

ፊልሙ ካስገኘው ገቢ ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በፊልሙ ስም የተሰየመ የመጻሕፍት፣ የቪዲዮና የቡና ቤት ተከፈተ። ዛሬም አለ። ዋሽንግተን የኖረ ኢትዮጵያዊ ብዙው ያውቀዋል። የሰፈሩ የቤትና የመሬት ዋጋ ሲያሻቅብ ግብሩ ከበደ። በ2019 ሰዉ ድምፁን አሰማና የከተማዋ ምክር ቤት የአሥር ዓመት የግብር እፎይታ ሰጠው። አንድ ፊልም ለራሱ ተመልካች ቋሚ መሰብሰቢያ ሆነ። ሽሪኪያናም የዚህ ሁሉ እኩል ባለቤት ናቸው። ስለ ነጻ ፊልም ሠሪ ሲወራ ሒሳቡን የሚይዘው፣ ስልኩን የሚያነሳው፣ አዳራሹን የሚያነጋግረው ሰው ስም ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ልክ አይደለም።

መብቱን በእጅ ማቆየት ያመጣውን ደግሞ በ2021 አየነው። «ሳንኮፋ» ታድሶ በአሜሪካዊቷ ዳይሬክተር በአቫ ዱቨርኔይ ድርጅት «አሬይ» በኩል በኔትፍሊክስ ቀረበ። ፊልሙ ከወጣ 28 ዓመት ሆኖታል። በ1993 አንድ አከፋፋይ ጥቂት ብር ወርውሮ መብቱን ለዘለዓለም ወስዶት ቢሆን ኖሮ፣ በ2021 የሚደወልለት ያ አከፋፋይ ነበር። ወይም ድርጅቱ ከስሮ ፊልሙ በአንድ መጋዘን ውስጥ ተረስቶ ይቀር ነበር። በዚህ መልክ የጠፉ ፊልሞች ብዙ ናቸው።

የተቀረጸው ሰውስ?

እስካሁን ስለ ፊልም ሠሪው መብት አወራሁ። ስለ ማኅበራዊ ችግር የሚሠራ ሰው ግን ከራሱ ሌላ አንድ ባለ መብት ከፊቱ አለ። ታሪኩ የተወሰደበት ሰው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫልም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። አንጀሊና ጆሊ በዋና ፕሮዲውሰርነት ስሟን ሰጥታዋለች። ፊልሙ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1996 ከተፈጸመ እውነተኛ ጉዳይ ነው። ለጋብቻ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገደለች፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት። ጉዳዩ በአገሪቱ ስለ ጠለፋ ያለውን አመለካከት አናግቷል። በ2014 ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፊልሙ አዲስ አበባ ውስጥ ሊመረቅ ተመልካች ተቀምጦ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰና ትዕይንቱ ተቋረጠ። ክሱ የመጣው ታሪኩ የእኔ ነው ከምትለው ሴት ወገን ነበር።

እዚህ ላይ ፈራጅ መሆን አልፈልግም። ፊልሙ ለጉዳዩ የሠራው ውለታ ግልጽ ነው። የሴትየዋ ጥያቄም ከባድ ነው። ነገሩ ግን ሁለት ነገሮች መለያየታቸውን በደንብ ያሳያል። የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የጋዜጣ ዜና፣ በአደባባይ የተከራከሩበት ሕግ የሁሉም ነው። የአንዲት ሴት ሕይወት ግን የእሷ ነው። ስሙን ቀይሬዋለሁ ማለት ብቻ አያድንም። ሰፈሩ ያውቃታል። ፊልም ሠሪው ሽልማቱን ይዞ ሌላ አገር ሲዞር እሷ እዚያው ሰፈር ትኖራለች።

ተመሳሳይ ነገር አሜሪካም ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ የኤሮል ሞሪስ ዘጋቢ ፊልም ባልሠራው ግድያ የታሰረን ሰው በማግሥቱ ዓመት ነጻ ለማስወጣት ረድቷል። ሰውየው ከወጣ በኋላ በታሪኩ መብት ላይ ከፊልም ሠሪው ጋር ክርክር ገባ። ነጻ ያወጣውን ሰው! ብዙዎች ውለታ ቢስ አሉት። እኔ ይገባኛል። ዓመታት ከተወሰዱበት ሰው ላይ የተረፈችው አንድ ነገር ታሪኩ ናት።

ታዲያ ምን ይደረግ? በወረቀት ላይ ፊርማ መቀበል መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው አይደለም። ፈቃድ በተለያየ ጊዜ ደጋግሞ ይጠየቃል። ካሜራ ከመነሳቱ በፊት አንዴ። ኤዲቲንግ ሲያልቅ፣ ፊልሙን ራሳቸው አይተውት፣ ሌላ ጊዜ። ኢንተርኔት ላይ ሊወጣ ሲል ደግሞ እንደገና፤ በአንድ ፌስቲቫል አዳራሽ መታየትና ጎረቤት ሁሉ በስልኩ ማየት አንድ አይደሉምና። ማንበብ ለማይችል ሰው በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፣ የሚያምነው ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። የገንዘብ ነገርም ከመጀመሪያው ይነሳል። ባለታሪኩ ከገቢው ድርሻ ካለው በጽሑፍ ይሁን፤ ከሌለውም እንደሌለው ይወቅ። «በኋላ እንተያያለን» የሚባለው ነገር ነው ፍርድ ቤት የሚያደርሰው።

ዛሬ ምን ተለወጠ?

ካሜራው ረከሰ። ስልክ ይቀርጻል። ኮፒ ማተም ቀረ። በዩቲዩብ ማንም የፈለገውን ይጭናል፤ የአማርኛ ፊልሞችም ብዙዎቹ መጨረሻቸው እዚያ ነው። በውጭ አገር ከተሞች አዳራሽ ተከራይቶ ለኢትዮጵያውያን ፊልም ማሳየትም የተለመደ ሆኗል፤ ያው የቀድሞው ሒሳብ ነው።

ግን ዩቲዩብ ለተመልካች ቁጥር ይከፍላል እንጂ ለዝምታ አይከፍልም። ስለ ቤት ሠራተኛ ሕይወት የተሠራ ቀርፋፋ፣ ጥልቅ ፊልም እዚያ ላይ ከቀልድ ጋር ነው የሚወዳደረው። ስለዚህ ብዙ ጥሩ ሥራ መጀመሪያ በአዳራሽ፣ ከዚያ በትምህርት ቤቶችና በማኅበራት፣ ከዚያ በቴሌቪዥን ወይም በኢንተርኔት ቢሄድ ይሻለዋል። በነጻ ኢንተርኔት ላይ የወጣን ፊልም መልሶ ለቴሌቪዥን መሸጥ ከባድ ነው። ቅደም ተከተሉን ቀድማችሁ አስቡት።

ፌስቲቫል ላይም አንድ ቃል። ፌስቲቫል በአብዛኛው ገበያ ነው፣ ገቢ አይደለም። አንዳንዶቹ ለማመልከት እንኳ ያስከፍላሉ። ጥቅሙ ገዢ የሚገኝበት ቦታ መሆኑ ነው። ያለ ገዢ ከፌስቲቫል ወደ ፌስቲቫል ሲዞሩ ሁለት ዓመት ቢያልፍ ፊልሙ ያረጃል፤ ተመልካቹም ሳያየው ይቀራል።

በመጨረሻ ውል ሲመጣላችሁ የምታዩት ነገር ይኸውና። መብቱ ለየትኛው አገር ነው የተሰጠው? «ለመላው ዓለም» የሚል ካለ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ለስንት ዓመት? ለሲኒማ ብቻ ነው ወይስ ለቴሌቪዥንም ለኢንተርኔትም? አከፋፋዩ የሚቆርጠው ወጪ ጣሪያ አለው? ጣሪያ ከሌለው የእናንተ ድርሻ ሁልጊዜ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ሒሳቡን በየስንት ጊዜው ያሳያችኋል? መዝገቡን በባለሙያ የማስመርመር መብት አላችሁ? አከፋፋዩ ቢከስር ወይም ፊልሙን ሳያሳይ ቢያስቀምጠውስ? ጊዜው ሲያልቅ መብቱ ያለ ተጨማሪ ድርድር ወደ እናንተ ይመለሳል የሚል አንቀጽ ከሌለው፣ ሳትፈርሙ አስገቡት።